እንደ ገዳም ተሳላሚ ወደ ባሕር

እኛ በደጋ ተወልደን በደጋ ያደግን ሰዎች ባሕርን አስቀድመን የምናውቀው በጆሮአችን ነው። ሙሴ ሕዝቡን ይዞ የተሻገረውን ባሕር፣ ዮናስ የተጣለበትን ባሕር፣ ሐዋርያት መረባቸውን የጣሉበትን ባሕር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል፤ ዐይናችን ግን ከሐይቅ በቀር ሌላ ውኃ ሳያይ ብዙ ዘመን ያልፋል። በሌላ በኩል ደግሞ በየቤታችን ካለው ዕቃ ብዙው በባሕር የመጣ ነው። የምንጠጣበት ብርጭቆ፣ ልጆቻችን የሚጽፉበት ወረቀት፣ ወጣችን የሚሠራበት ዘይት ሳይቀር ከመርከብ ወርዶ በጅቡቲ ወደብ በኩል አልፎ ወደ እኛ ይደርሳል። ስለዚህ ጅቡቲ የተባለች እንደ ሆነ ወደብና የጭነት መኪና፣ ቀረጥና ሙቀት ይታሰበናል። ከወደቡ ፊት ለፊት የተዘረጋው ውኃ ግን የዕቃችን መተላለፊያ በር ብቻ ሳይሆን፣ ቍጥር ለሌላቸው ፍጥረታት መኖሪያ ቤት መሆኑን የምናስብ ጥቂቶች ነን።

እኔም ከማያስቡት ወገን ነበርሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ወር የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ በጅቡቲ የትራንዚት ሠራተኛ የሆነው፣ «ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፤ እናታችንንም አምጡልኝ» ብሎ ደጋግሞ ስለ ለመነን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን እንዲሁም ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸውን እናቴን ይዤ ሄድሁ። በዚያም በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሁለት ቀን ዋልን። የዛሬው ጽሑፌ ያየነውን ለመንገር፣ በዚያም ቀን የሠራሁትን አንድ ስሕተት ሳልሸሽግ ለመናዘዝ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በስተ ምዕራብ ተሰንጥቆ ወደ የብስ የገባ ውኃ ነው። በደቡብ ዳርቻው የጅቡቲ ከተማ፣ በሰሜን ዳርቻው ጥንታዊቷ የታጁራ ከተማ ትገኛለች። የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በዚህ አገር ሦስት ታላላቅ ስንጥቆች ይገናኛሉ፤ እነርሱም የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና በአገራችን መካከል የሚያልፈው የስምጥ ሸለቆ ናቸው። ምድሪቱ በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርምጃ ቀስ እያለች ትላቀቃለች። በ1971 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በባሕረ ሰላጤው የውስጠኛ ጫፍ አጠገብ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ከዚያም ባሻገር ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተቀመጠው የአሳል ሐይቅ አለ፤ በአፍሪካ ምድር ከእርሱ የዘቀጠ ቦታ የለም።

ይህ ውኃ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ከአሳል የተቈፈረው ጨው በግመል ተጭኖ እስከ ሸዋ ይወጣ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከመርከብ የወረደው በታጁራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የግመሉ መንገድ ለሐዲዱ ቦታውን ለቀቀ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አዋሽ ወንዛችንም ፊቱን ወደዚያው አቅጣጫ አዙሮ ይወርዳል፤ ነገር ግን ባሕሩን ሳያይ በድንበሩ ላይ በአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እናቴ ይህን ስነግራቸው፣ «እኔስ ከአዋሽ ተሻልሁ» ብለው ሳቁ።

በመጀመሪያው ቀን የሄድነው ወደ ሙሻና ወደ ማስካሊ ደሴቶች ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጀልባውን የሚነዱት በዕድሜ የገፉ የአፋር ተወላጅ ነበሩ፤ የባለቤቴ ወንድም «ሐጂ» እያለ ይጠራቸዋል። አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ፤ የጐደለውን እርሱ ያስተረጕምልን ነበር። ከወደቡ ታላላቅ መርከቦች መካከል ስንወጣ ውኃው የጠቈረ ሰማያዊ ነበረ፤ ወደ ደሴቱ ስንቀርብ ግን እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ከታች ያለው አሸዋ ይታይ ጀመር።

ደሴቶቹ ዝቅ ያሉና ጠፍጣፋ ናቸው፤ ከውኃው በላይ ጥቂት ብቻ ብቅ ብለዋል። ተራራም ምንጭም አይታይባቸውም። እናቴ ከጀልባው ወርደው ነጠላቸውን ካስተካከሉ በኋላ ዙሪያውን ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ደሴት ከሆነ ገዳሙ ወዴት ነው?» አሉኝ። ሁላችን ሳቅን። ጥያቄው ግን ከእርሳቸው አንጻር ተገቢ ነበር። እናቴ የጣና ዳር ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው በታንኳ ተሻግረው የተሳለሙአቸው ደሴቶች ሁሉ ደወልና ዛፍ፣ መነኰሳትና መጻሕፍት ነበሩባቸው። ስለዚህ ደሴት ማለት በእርሳቸው ዘንድ የተጠበቀ ቦታ ማለት ነው። «እዚህ ገዳም የለም፤ ዓሣና ወፍ ብቻ ነው» ብዬ መለስሁላቸው። የመልሴ ጕድለት የታወቀኝ በማግሥቱ ነው።

ስለ ሙሻ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1832 ዓ.ም. የታጁራው ሱልጣን ይህችን ደሴት ለእንግሊዞች በአሥር ጆንያ ሩዝ ሸጠላቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ ወደ ፈረንሳውያን እጅ አለፈች፤ ጅቡቲም ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታገኝ ደሴቶቹ የአገሪቱ ሆኑ። የአሥር ጆንያ ሩዝ ዋጋ የተሰጣት ይህች ደረቅ መሬት በውኃው ሥር የያዘችውን ሀብት ግን ሻጩም ገዢውም ያወቁት አይመስለኝም።

ይህ ሀብት ኮራል ይባላል። ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ አንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ ሌላው እንደ ድፎ ዳቦ የከበበ ነው። ነገር ግን ድንጋይ አይደለም፤ ሕያው ነው። እጅግ ጥቃቅን እንስሳት በሺህና በሺህ ተጠጋግተው ከባሕሩ ውኃ የኖራ ዐይነት ነገር እየወሰዱ ቤታቸውን ይሠራሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው በላዩ ይሠራል፤ እንዲህ ሆኖ ዘመን በዘመን ላይ ሲደረብ ደሴት ይሆናል። የቆምንበት መሬት ራሱ የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። በሥጋቸውም ውስጥ በዐይን የማይታዩ ደቃቅ የባሕር ዕፅዋት ይኖራሉ፤ ዕፅዋቱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጁ ያበሏቸዋል፤ እነርሱም መጠለያ ይሰጧቸዋል። የባሕሩ ሙቀት ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ይህ ጉርብትና ይፈርሳል፤ ዕፅዋቱ ይወጣሉ፣ ኮራሉም ነጥቶ ይራባል፤ ሙቀቱ ሳይበርድ ከቆየም ይሞታል። የከበበው ዐይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው በአንድ ርግጫ የሚሰብረው የአያቱን ዕድሜ ያህል የተደከመበትን ነው።

እኔ ዋና አላውቅም። ስለዚህ የነፍስ አድን ሰደርያ ለብሼ፣ የመጥለቂያ መነጽር አድርጌ፣ የጀልባውን መሰላል በሁለት እጄ ይዤ ፊቴን ወደ ውኃው ነከርሁ። ያየሁትን ለመንገር ቃል ያጥረኛል። ቢጫ፣ ሰማያዊና ጥቍር መስመር ያላቸው ዓሦች በኮራሉ ቅርንጫፎች መካከል እንደ ገበያተኛ ይተላለፋሉ። እንደ በቀቀን ምንቃር ያለው አንዱ ዓሣ ኮራሉን ሲቈረጥመው ድምፁ ይሰማል፤ የሚፈልገው በላዩ የበቀለውን ነው፤ የፈጨውንም ደንጊያ አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። በሐሩር አገር ዳርቻ ከምናየው ነጭ አሸዋ ብዙው የዚህ ዓሣ ወፍጮ ውጤት መሆኑን ስሰማ ልጆቼ ለመቀበል እንኳ ተቸገሩ። ሌላው ትንሽ ዓሣ ደግሞ በትልልቆቹ አፍ ውስጥ ገብቶ ጥርሳቸውን ያጸዳል፤ ትልልቆቹም ሳይውጡት አፋቸውን ከፍተው ይቆያሉ።

በደሴቲቱ በአንድ ወገን በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ አለ። ሥሩ ከውኃው በላይ እንደ ድንኳን ካስማ ተዘርግቶ ይታያል። ሐጂ እንደ ነገሩን በዚያ ሥር መካከል የዓሣ ግልገሎች ተሸሽገው ያድጋሉ፤ ዛፉ ለማገዶ ከተቈረጠ ግልገሎቹ መጠጊያ ያጣሉ፣ ዓሣ አጥማጁም ከጥቂት ዓመት በኋላ መረቡን ባዶውን ይስባል።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሌሎች ጐብኚዎች በአሸዋው ላይ ዓሣ ይጠብሱ ነበር። እኛ በጾመ ነቢያት ስለ ነበርን ከቤት ያመጣነውን ዳቦ ቈሎና ተምር በላን። ታናሺቱ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በዚያ መካከል በዳርቻው እየዞረች ዛጎል ስትለቅም ቈይታ በቀሚሷ ሙሉ ይዛ መጣች። ለጓደኞቿ ልትሰጥ አስባ ነበር። ከመካከላቸው አንዱን በመዳፏ ላይ ባስቀመጠችው ጊዜ ዛጎሉ እግር አውጥቶ መሄድ ጀመረ፤ ደንግጣ ጣለችው። ሐጂ ጐንበስ ብለው አነሡትና አሳዩአት። የራሱ ቅርፊት የሌለው፣ ለስላሳ ጀርባውን በሞተ ቀንድ አውጣ ቤት ውስጥ የሚሸሽግ ሸርጣን ነበር። ሲያድግ ቤቱ ስለሚጠበው ሌላ ባዶ ቤት ይፈልጋል። ሐጂ በአማርኛቸው፣ «አንቺ ቤት ወሰድሽ፤ እሱ ውጭ አደረ» አሏት። ልጄ አንድ ቃል ሳትመልስ ተነሥታ ሁሉንም ወደ ለቀመችበት መለሰች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቀን ልመለስ፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነፋሱ ሲለወጥ፣ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ ተንሳፋፊ ፍጥረታት ይበዛሉ። እነዚህን ለመመገብ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ የሚበልጠው ዓሣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አርታ ዳርቻ ይመጣል። ስሙን የውጭ ሰዎች ዓሣ ነባሪ ሻርክ ይሉታል፤ ዓሣ ነባሪ የተባለው ስለ ትልቅነቱ ነው፤ በእውነቱ ሻርክ ነው፣ በጉንጮቹም ስንጥቅ የሚተነፍስ ዓሣ ነው። ይህን ለማየት ብዙ ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል። እኔም ለጀልባው ገንዘብ ከፍዬ፣ ቤተ ሰቤን አሳፍሬ፣ ዓሣውን ሳላሳያቸው እንዳልመለስ በልቤ ቈርጬ ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል ዞርን፤ ምንም አልታየም። ፀሐዩ በረታ፤ እናቴም ደከሙ። በመጨረሻ አንድ ሌላ ጀልባ ከሩቅ ሲሮጥ አየንና የባለቤቴ ወንድም «እዚያ ነው!» አለ። ልጆቹ ቆሙ። እኔም ወደ ሐጂ ዞሬ፣ «ፍጠኑ እንጂ፤ ያመልጠናል!» አልሁ። እርሳቸው ግን በመፍጠን ፈንታ ሞተሩን ቀነሱ፤ ጥቂት ቈይተውም ጨርሰው አጠፉት። ጀልባው በማዕበሉ ላይ ዝም ብሎ ይወዛወዝ ጀመር። እኔ ተቈጣሁ። ገንዘብ የከፈልሁ መሆኔን፣ አሮጊት እናትና ሕፃናት መያዜን፣ ሌላው ጀልባ እየቀደመን መሆኑን ተናገርሁ። በልጆቼ ፊት የተናገርሁት ቃል ዛሬም ያሳፍረኛል። ሐጂ አልመለሱልኝም፤ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ውኃው ብቻ አመለከቱ።

ከጀልባችን በስተ ግራ፣ ዐሥር ርምጃ ያህል በማይርቅ ቦታ፣ አንድ ሰፊ ጥላ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ቀስ ብሎ፣ አንዳች ሳይቸኵል ወጣ። ርዝመቱ ከጀልባችን ብዙም አያንስም። ጀርባው ግራጫ ነው፤ በላዩም በሥርዐት የተደረደሩ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉበት፤ ታላቁ ልጄ «ሌሊት ይመስላል» አለ። ሰፊ አፉን ከፍቶ ውኃውን እየጠጣ በአጠገባችን አለፈ። በዚያን ጊዜ ጀርባውን በግልጽ አየን። የላይኛው ክንፉ ጫፉ ተቈርጦ ነበር፤ ከክንፉም በታች ሦስት ትይዩ ጠባሳዎች፣ በምላጭ እንደ ተሰነጠቀ ሥጋ፣ ድነው ግን ነጥተው ይታዩ ነበር።

ሐጂ ይህን ጊዜ ተናገሩ፤ የባለቤቴም ወንድም አንገቱን ደፍቶ አስተረጐመልኝ። «ይህን ያደረገው የጀልባ ሞተር ነው። የነዳውም ሰው ክፉ አይደለም፤ ፍጠን የሚል እንግዳ አሳፍሮ ነበር።»

እኔ የምመልሰው አልነበረኝም። ዓሣውም አልፎን ሄደ።

ስለዚህ ዓሣ ከተረጋገጠው ነገር ጥቂቱን ልንገራችሁ። እስከ 18 ሜትር ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ በታጁራ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ያልጐለመሱ ወጣቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ወንዶቹ ይበዛሉ። በአፉ ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ጥርሶች አሉት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ስለ ሆነ ሰውን አይነክስም፤ ምግቡ በውኃ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ነገርና ትንንሽ ዓሣ ነው። ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ለመጐልመስም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። በ1987 ዓ.ም. በታይዋን አጠገብ የተያዘች አንዲት ሴት 300 ያህል ሽሎች ተገኝተውባታል፤ እናቶቹ የት ሄደው እንደሚወልዱ ግን እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። በጀርባው ያለው ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ሊቃውንት አንዱን ከሌላው የሚለዩት የሰማይ ከዋክብትን ሥዕል ለማመሳሰል በወጣ የሒሳብ ስልት ነው። ልጄ «ሌሊት ይመስላል» ማለቱ እንግዲህ ከሊቃውንቱ ሐሳብ የራቀ አልነበረም።

ታናሺቱ ልጄ ደግሞ፣ «አባዬ፣ ዮናስን የዋጠው ይህ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጾመ ነነዌ በመጣ ቍጥር ታሪኩን ስለምትሰማ ጥያቄው ይገባታል። እኔም፣ መጽሐፍ ትልቅ ዓሣ እንዳለ፣ የትኛው ዐይነት እንደ ሆነ ግን እኛ እንደማንወስን፣ ይህ ያየነው ዓሣ ጕሮሮው ጠባብ እንደ ሆነ ነገርኋት። እናቴ ግን ጣልቃ ገብተው፣ «ያኛው ዓሣ ታዞ ነቢዩን ሳይጎዳ ለምድር መለሰው፤ እኛ ግን ይህን ዓሣ ሳንጎዳ ለባሕር መመለስ አቃተን» አሉ። ይህን ብለው ዝም አላሉም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ትናንት ገዳም የለም አልኸኝ። ገዳም ስትገባ ትሮጣለህን? ትጮኻለህን? ያገኘኸውን ቀጥፈህ ትወጣለህን? ጫማህን አውልቀህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ተሳልመህ ትመለሳለህ እንጂ» አሉኝ።

ክቡራን አንባቢያን፤ ከዚህ የበለጠ ምክር ከየትም አልሰማሁም። የጅቡቲ መንግሥት ሙሻንና ማስካሊን ከሌሎች ቦታዎች ጋር በ1996 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የተጠበቁ ቦታዎች አድርጓቸዋል። ትልቁም ዓሣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት ጋር ተቈጥሯል። ነገር ግን ሕግ በባሕር ላይ በየጀልባው ተቀምጦ አይጠብቅም። በጀልባው ላይ የሚቀመጠው እንግዳው ነው፤ እንግዳው ያዘዘውን ጀልባ ነጂው ይፈጽማል፤ እምቢ የሚል እንደ ሐጂ ያለ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ቤተ ሰብ እነዚህን ነገሮች እንዲያስብ አደራ እላለሁ።

አንደኛ፤ ከጀልባ ነጂው ጋር ስንነጋገር ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አነዳዱንም እንነጋገር። «ዓሣውን ባታገኙትም ገንዘባችሁን አንከለክልም፤ አታሳድዱልን» ብሎ አስቀድሞ መናገር፣ ነጂው ስለ እንጀራው ሲል እንዳይቸኵል ነጻ ያወጣዋል። ዓሣው በታየ ጊዜ ሞተሩ ይቀነስ ወይም ይጥፋ፤ ሌሎች ጀልባዎች ከበውት ከሆነም ተራ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፤ ወደ ውኃው የሚገባ ሰው ከዓሣው ጭንቅላት ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ አራት ሜትር ይራቅ። አይንካው፤ መንገዱን አይዝጋበት፤ ፎቶግራፍ ሲያነሣም የብልጭታ መብራት አይጠቀም።

ሦስተኛ፤ በኮራል ላይ አንቁም፤ ቅርንጫፉንም ለጌጥ አንስበር። መልሕቅ በኮራል ላይ ሳይሆን በአሸዋ ላይ እንዲጣል ነጂውን እንለምን። ለፀሐይ መከላከያ ብለን የምንቀባቸው አንዳንድ ቅባቶች ኮራልን ስለሚጎዱ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ባርኔጣ ይሻላል።

አራተኛ፤ ምግብ የያዝንበትን ፌስታልና የውኃ ጠርሙስ ቈጥረን እንውሰድ፣ ቈጥረንም እንመልስ። በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ፌስታል ለባሕር ኤሊ የምትበላው ጄሊ መሳይ ፍጡር ይመስላታል፤ ከዋጠችው በአንጀቷ ይቀርና ይገድላታል።

አምስተኛ፤ ልጆቻችን ዛጎል ቢያዩ በመዳፋቸው ይዘው ይመልከቱት፣ ይሣሉት፣ ከዚያም በቦታው ይተዉት።

ከዚህ ሌላ ዋና የማያውቅ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የነፍስ አድን ሰደርያውን ከጀልባው ከመሳፈሩ በፊት ይልበስ፤ በማዕበል ሆዱ የሚረበሽ ሰው በባዶ ሆዱ አይሂድ፤ የሚጠጣ ውኃም በብዛት ይያዝ፤ በደሴቶቹ ላይ የምንጭ ውኃ አይገኝምና።

ወደ ከተማው ስንመለስ ፀሐይ በአርታ ተራሮች ጀርባ ልትገባ ነበር። እኔ ከጀልባው ከመውረዴ በፊት ወደ ሐጂ ሄጄ ስለ ተናገርሁት ክፉ ቃል ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አንተ የደጋ ሰው ነህ፤ ባሕር ቸኵሎ አይታይም» አሉኝ። ልጆቼ ይህን ሁሉ ቆመው ይሰሙ ነበር። አባታቸው ሲቈጣ ስላዩት፣ ይቅርታ ሲጠይቅም ማየታቸው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የባሕር ነገር በተነሣ ቍጥር ታናሺቱ ልጄ በመዳፏ ላይ የሄደውን ሸርጣን ታስታውሳለች። ከጅቡቲ አንድም ዛጎል አላመጣችም። ለጓደኞቿ የሰጠቻቸው በቀለም እርሳስ የሣለችውን ሥዕል ነው፤ በሥዕሉም ላይ ሸርጣኑ በቤቱ ውስጥ ነው። እናቴም ጎረቤት ሲጠይቃቸው፣ «ጅቡቲ ሄጄ ደሴት ተሳልሜ መጣሁ» ይላሉ። ገዳሙ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቃቸው ሲገኝም፣ «ጠባቂ ያጣ ነው፤ እናንተም ስትሄዱ ቀስ ብላችሁ ግቡ» ብለው ይመልሳሉ።

እስከሚመጣው ወር ድረስ ደኅና ሁኑ።